«በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ ለቀቀኝ»

ይህን ቅሬታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ታካሚው ከሐኪም ክፍል ይወጣል። ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ዘመድ «እሺ፣ ምን አለህ?» ይለዋል። «ምን ይለኛል! ጉልበቴን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገኝ። ዓይንህን ጨፍን አለኝ፣ አፍንጫህን ንካ አለኝ፣ በተረከዝህ ሂድ አለኝ። በቃ። ምርመራ እንኳን ሳያዝልኝ ለቀቀኝ።»

ልብ ብላችሁ ከሆነ በእኛ አነጋገር «ምርመራ» የሚለው ቃል ጠቧል። ደም ስንሰጥ፣ ሽንት በብልቃጥ ስንወስድ፣ ራጅ ስንነሳ ነው ተመረመርን የምንለው። ሐኪሙ በእጁና በዓይኑ የሠራው አይቆጠርም። የነርቭ ሕመም ላይ ግን ያቺ «ነካ ነካ» ናት ዋናው ምርመራ። ማሽኑ ተራው የሚደርሰው ከእሷ በኋላ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ሰው «እግሬ ከዳኝ» ብሎ ሲመጣ ሐኪሙ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። ችግሩ የት ነው? ችግሩስ ምንድን ነው? እግርን የሚያዘው መስመር ረጅም ነው። ከአንጎል ይነሳል፣ በአንገትና በደረት አከርካሪ ውስጥ ይወርዳል፣ በወገብ በኩል ይወጣል፣ በነርቭ አድርጎ ጡንቻ ድረስ ይዘልቃል። ከላይ እስከ ታች የትም ቦታ ሊጎዳ ይችላል። የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ የሚናገረው መዶሻው ነው። እዚያ ያለው ነገር ዕጢ ይሁን፣ ቲቢ ይሁን፣ የደም መርጋት ይሁን የሚያሳየው በአብዛኛው በማሽን የሚነሳው ፎቶ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ሁለተኛው ከተዘለለ ፎቶ የሚነሳው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ ነው። ከሰሜን ሸዋ የመጡ አንድ አባት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ልጁ ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዟል። ውስጡ የወገብ ኤምአርአይ ፊልም አለ። በሬ ሸጠው ነው ያስነሱት፣ ከሦስት ወር በፊት። ውጤቱ «መጠነኛ የዲስክ መውጣት» ይላል፤ ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ነው። «የወገብ ዲስክ ነው» ተብለው የሕመም ማስታገሻ ሲወጉ፣ ወጌሻ ሲያሻቸው፣ ጠበል ሲጠመቁ ከርመዋል። እግራቸው ግን ከቀን ቀን እየባሰበት ሄደ። «እንደ ግንድ ሆነብኝ» ነበር ያሉት። እኔ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁ። ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ የወገብ ኤምአርአይ ይደገም ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ። ጫማቸውን እንኳን አላስወለቅኳቸውም ነበር።

አንድ አንጋፋ ሐኪም አጠገቤ ነበሩ። ፊልሙን አላዩትም። «አባባ፣ እስቲ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ እግርዎን ዘና አድርገው ያንጠልጥሉት» አሏቸው። ከጉልበታቸው ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በመዶሻው መታ አደረጉት። እግሩ ተወነጨፈ። ሐኪሙ ገለል ባይሉ ኖሮ ያገኛቸው ነበር። ቀጥለው የእግራቸውን ፊት ይዘው በፍጥነት ወደ ላይ ገፉት። ቁርጭምጭሚቱ ብቻውን ይንጠረጠር ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት... እጃቸውን እስኪያነሱ አላቆመም። ከዚያ የበር ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና ውስጥ እግራቸውን ከተረከዝ ወደ ጣት ጫር አደረጉት። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ። በመጨረሻ በክብሪት እንጨት ጫፍ ከጭናቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆዳቸውን ወጋ ወጋ እያደረጉ «ስሜቱ እንደ ፊትዎ ሲሆን ይንገሩኝ» አሉ። ከእምብርት አለፍ እንዳሉ አባባ «አሁን!» አሉ።

ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው «ወገባቸው ምንም አላደረጋቸውም። ደረታቸው ላይ ያለውን አከርካሪ አስነሳ» አሉኝ። ተነሳ። ሁለት አጥንት በቲቢ ተበልቷል። መግሉ ህብለ ሰረሰሩን፣ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ፣ ተጭኖታል። የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ከወራት በኋላ በአንድ ምርኩዝ ብቻ፣ ልጃቸው ሳይደግፋቸው ገቡ። ሦስቱ ወር ባይባክን ኖሮ ምርኩዙም ላያስፈልጋቸው ይችል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንዴት አወቁ? መልሱ ያለው ሪፍሌክስ ላይ ነው። መዶሻው ጅማቱን ሲመታ ጡንቻው በድንገት ይለጠጣል። ወሬው በነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ይሮጣል። እዚያው ይዞርና «ተኮማተር» የሚል ትዕዛዝ ሆኖ ይመለሳል። አንጎል አይጠየቅም። ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ሁሉም ያልቃል። ለዚህ ነው ሪፍሌክስን አስመስሎ ማምጣት የሚከብደው። ሰው «አላመመኝም» ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ ጉልበቱ ግን አይዋሽም።

አንጎል ባይጠየቅም ፍሬኑን የያዘው እሱ ነው። ከላይ ሆኖ ሪፍሌክሱ ከልክ እንዳያልፍ ይጎትተዋል። ከአንጎል እስከ ህብለ ሰረሰር ያለው መስመር ሲጎዳ ፍሬኑ ይለቃል። እግሩ ይደክማል፣ ግን ግትር ይላል፣ ሪፍሌክሱም ይፈነጥራል። ከህብለ ሰረሰር የሚወጣው ነርቭ ራሱ ሲጎዳ ደግሞ ዙሩ ይቋረጣል። እግሩ ይደክማል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ሪፍሌክሱ ይጠፋል። ሁለቱም ሰው «እግሬ ደከመኝ» ነው የሚለው። ቅሬታው አንድ፣ ቦታው ግን ሌላና ሌላ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ህብለ ሰረሰር እስከ መቀመጫ አይወርድም። አዋቂ ሰው ላይ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች የሚወርደው እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረዘረ የነርቭ ጥቅል ነው። ስለዚህ የታችኛው ወገብ ዲስክ ነርቭ ቢጫን ሪፍሌክስን ያጠፋል እንጂ አያስፈነጥርም። ሁለቱም እግር ደክሞ፣ ጉልበት እየተወነጨፈ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ እየተነሳ ከሆነ ችግሩ ከወገብ በላይ ነው። ደረት ላይ፣ አንገት ላይ ወይም አንጎል ውስጥ። አባባ እጃቸው ደህና ነበር። ስሜታቸው እምብርት ላይ ተቆርጧል። የቀረው ደረት ብቻ ነው። ሐኪሙ ጥንቆላ አልሠሩም፤ መስመሩን ተከትለው ነው የሄዱት።

ታዲያ ያ «የዲስክ መውጣት» ከየት መጣ? እውነት ነበር። ዲስካቸው ወጣ ብሏል። ችግሩ፣ ምንም ያልታመመ ሰውም ዲስኩ ወጣ ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ስብስብ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 3,110 ሰዎች የተነሱትን ፎቶ አንድ ላይ አየ። በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ወጣ ብሏል። በ80 ዓመት ደግሞ 84 በመቶው። እንግዲህ ማንንም ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁማችሁ ወገቡን ብታስነሱት «ዲስክ አለብህ» የሚል ወረቀት ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ወረቀቱ አይዋሽም። ግን ለእግሩ ድካም ተጠያቂው ያ ዲስክ መሆኑን ወረቀቱ ሊነግረን አይችልም።

የጉልበት ሪፍሌክስ ወደ ሕክምና የገባበት ታሪክም ደስ ይለኛል። በ1875 እ.ኤ.አ. ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ ዊልሄልም ኤርብና ካርል ዌስትፋል፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የደረሰበትን በአንድ መጽሔት አንድ ዕትም ላይ አወጡት። ኤርብ ይህ በህብለ ሰረሰር በኩል የሚዞር ምላሽ ነው አለ። ዌስትፋል ጡንቻው ራሱ ሲመታ የሚሰጠው ምላሽ መስሎት ነበር። ኤርብ ልክ ሆነ። 21 ዓመት ቆይቶ፣ በ1896 እ.ኤ.አ.፣ ጆሴፍ ባቢንስኪ ፓሪስ ውስጥ ስለ አውራ ጣት መነሳት አንዲት አጭር ማስታወሻ አቀረበ። ያ ምልክት ዛሬም በስሙ ነው የሚጠራው። ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ጣቱ ወደ ላይ ቢነሳ እናት አትደንግጥ። ከአንጎል የሚወርደው መስመር ገና ስላልበሰለ ነው። መራመድ በሚጀምርበት ዕድሜ አካባቢ ይቀየራል።

የሕክምና ተማሪዎች የትኛው ሪፍሌክስ በየትኛው ነርቭ እንደሚያልፍ የሚይዙት በቁጥር ነው። ከታች ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ቁርጭምጭሚት 1 እና 2፣ ጉልበት 3 እና 4፣ የክርን ፊት 5 እና 6፣ የክርን ጀርባ 7 እና 8። የቁርጭምጭሚቱ ከመቀመጫ አጥንት ነርቮች፣ የጉልበቱ ከወገብ፣ የክርኖቹ ከአንገት ነው። የቀኝ ቁርጭምጭሚት ብቻ ዝም ካለና ሕመሙ በባት በኩል ወደ ትንሿ ጣት የሚወርድ ከሆነ የትኛው ነርቭ እንደተጫነ በግምት ታውቃላችሁ። ይህን ጊዜ የወገብ ኤምአርአይ ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ለሪፍሌክስ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከ0 እስከ 4። 2 ጤነኛ ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቀኙና ግራው መመሳሰሉን አያለሁ። የተጨነቀ ሰው ሁሉም ሪፍሌክሱ ሊፈነጥር ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው የቁርጭምጭሚቱ ቢጠፋ ብዙም አይደንቅም። አንዱ ወገን ከሌላው ሲለይ ነው ጆሮዬ የሚቆመው። ሪፍሌክሱ እምቢ ሲል ደግሞ ሐኪሙ «የሁለት እጅህን ጣቶች አቆላልፈህ ጎትት» ይላል። ልብ ወደ እጅ ሲሄድ ጉልበቱ ይለቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤርኖ የንድራሺክ የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም ያስተማረው ዘዴ ነው። አንዳንዴ መልሱ ያለው አመላለሱ ላይ ነው። የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ መጥቶ፣ እግሩ ወደ ቦታው ሲመለስ እንደ ደከመው ሰው ከተንቀረፈፈ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ይጠረጠራል። እንቅርት በሚበዛበት ደጋችን ይህን መርሳት አይገባም።

ወደ ጡንቻ ጥንካሬ ልለፍ። እዚህም ነጥብ አለ፣ ከ0 እስከ 5። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ካውንስል ነርቫቸው በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን ለመከታተል ያወጣው ነው። 0 ምንም እንቅስቃሴ የለም። 1 ጡንቻው ብልጭ ይላል እንጂ አካሉን አያንቀሳቅስም። 3 የመሬትን ስበት ታግሎ ያነሳል፣ የሐኪሙን እጅ ግን አይችልም። 5 ሙሉ ጉልበት። የዚህ ነጥብ አሰጣጥ ጉድለት በ3 እና በ5 መሃል ያለው 4 ላይ ነው። ትንሽ የደከመ ሰውም፣ በጣም የደከመ ሰውም 4 ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ቁጥሩን ጽፎ አይቆምም። ሰውየው ምን ማድረግ እንዳቃተው ይጠይቃል።

የቤት ውስጥ ኑሮ እዚህ ብዙ ይናገራል። ከበርጩማ ለመነሳት ጉልበቷን በእጇ የምትገፋ፣ ልብስ ገመድ ላይ ለማስጣት ክንዷ የማይደርስላት ሴት ድካሟ ዳሌና ትከሻዋ ላይ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ወደ ጡንቻ ሕመም ይጠቁማል። ነጠላ ጫማው ሳያውቀው ከእግሩ እየወለቀ መንገድ ላይ የሚቀር፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ሰው ድካሙ ጫፍ ላይ ነው። ይህ ወደ ነርቭ ይጠቁማል። ጠዋት ደህና ሆና ማታ ማታ የዓይኗ ቆብ የሚወርድባት፣ እራት ላይ እንጀራው ማኘክ የሚከብዳት ልጅ ደግሞ ሌላ ናት። እዚያ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ይጠረጠራል። ሐኪሙ አንድ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ አንጋጥጣ እንድታይ ይነግራትና የዓይኗን ቆብ ያያል። ይኸው ነው ፈተናው።

አንዲት ቀላል ፈተና ደግሞ አለች፣ በጣም የምወዳት። ሁለት እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ እንደ ለማኝ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሥር ሰከንድ ያህል። አንደኛው እጅ ቀስ ብሎ እየዞረ ወደ ታች ከወረደ በሌላው ወገን ያለው አንጎል ችግር ሊኖርበት ይችላል። ሰውየው «ሁለቱም እጄ እኩል ነው» እያለ፣ እጁ ግን ይወርዳል። ተጨባብጦ ጉልበት ከመለካት በፊት ይህቺ ቀላሉን ድካም ትይዛለች።

ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ቅንጅት ነው። «አፍንጫህን ንካ፣ ጣቴን ንካ» የሚባለው። ሕፃናት የሚጫወቱት ጨዋታ ስለሚመስል ሰው ይስቃል። ግን ከራስ ቅላችን በስተኋላ በታች ያለው ትንሹ አንጎል የሚፈተነው በዚህ ነው። እሱ ሲጎዳ ጉልበት አይጠፋም። ልኬት ነው የሚጠፋው። እጁ ወደ ጣቱ በቀረበ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል። ቡና ሲቀዳ ስኒው ይስተዋል። መዳፉን ጭኑ ላይ ቶሎ ቶሎ አገላብጥ ሲባል ምቱ ይበላሻል። ተረከዙን ከጉልበቱ ጀምሮ በቅልጥሙ ላይ እንዲያወርድ ሲታዘዝ ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ክፍል የምናውቀውን ብዙውን ነገር ያስተማሩን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥይት የመታቸው ወታደሮች ናቸው። ጎርደን ሆምስ የተባለ ሐኪም አንድ በአንድ መርምሯቸው ጻፈ።

እነዚህ ሰዎች ሲሄዱ እግራቸውን ከፍተው፣ እየተወላገዱ ነው። ጠጥተዋል ይባላሉ። ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ሰው በሰካራም ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ። አረመኔነት አይደለም፤ መጠጥም የሚመታው ይህንኑ ትንሹን አንጎል ስለሆነ መልኩ አንድ ነው። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሲበዛበትም እንደዚሁ ይሆናል። መጠኑ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይህን ለመጠርጠር ማስኬድ ይበቃል።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። እግር ገጥሞ ቆሞ ዓይን መጨፈን ብዙ ሰው የትንሹ አንጎል ፈተና ይመስለዋል። አይደለም። ይህን ፈተና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው የበርሊኑ ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ ነው። የሚለካው እግራችን የት እንዳለ የሚነግረንን ስሜት ነው። ያ ስሜት የጠፋበት ሰው በዓይኑ ይተካዋል። ዓይኑ ሲዘጋ ይወድቃል። ትንሹ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግን ዓይኑ ተከፍቶም ይንገዳገዳል። ስለዚህ አዋቂ ሐኪም የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ጠዋት ፊትዎን ሲታጠቡ ያዳልጥዎታል? ማታ መብራት ሲጠፋ ወደ ሽንት ቤት መሄድ ያቅትዎታል? ሳሙና ዓይኑን ሲያስጨፍነው ወደ ባልዲው የሚደፋ ሰው ምርመራውን ቤቱ ጨርሶ መጥቷል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንዲህ ያደርጋል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ቢ12 ሊያንሳቸው ስለሚችል ይህን ጥያቄ ልብ ቢሉት ጥሩ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በመርፌ ይታከማል።

አሁን ወደ አገራችን ወደሚያንገበግበው ልምጣ። ጓያ። በጎንደር በደንቢያና በፎገራ፣ በወሎም «ጓያ ሰበረው» የሚባል ሰው የማያውቅ የለም። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያ ግን ይበቅላል። ሰው ለወራት እሱኑ በሽሮ፣ በቂጣ፣ በንፍሮ ሲበላ ውስጡ ያለው መርዝ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደውን መስመር ይመታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ ኋላም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወሎ በደላንታና ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ይበልጥ የሚመታው ወጣት ወንዶችን ነው። አርሰው የሚያበሉትን።

ጓያ የሰበረውን ሰው አስቡት። እግሩ ይገተራል፣ ጉልበቱ ይጋጫል፣ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። በመዶሻ ሲነካ ጉልበቱ ይወነጨፋል። አውራ ጣቱ ይነሳል። ስሜቱን ስትፈትኑት ግን ሙሉ ነው። ሽንቱንም ይቆጣጠራል። ይህ ጥምረት ብቻውን ከአባባ ቲቢ ይለየዋል። እምብርት ላይ የተቆረጠ ስሜት የለም። ኤምአርአይ ብታነሱት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው የሚባል ነገር አታዩም። በሽታውን የሚያውቀው የሰውየው የምግብ ታሪክና የሐኪሙ እጅ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ገጠር ተዘዋውረው ስለ ጓያ ሽባነት ያጠኑትና በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መሠረቱ ይኸው ነበር። ቤት ለቤት ሄዶ ሰውን መርምሮ። የተሰበረው እግር ስለማይድን ቶሎ ማወቁ የሚጠቅመው ቀሪውን ቤተሰብ ነው። አንዱ እንደታመመ ማዕዱ ይቀየራል።

ፖሊዮም እንደዚሁ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከለፈሰፈሰ የጤና ባለሙያ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሰገራ ይወሰዳል። በ60ኛው ቀን ልጁ እንደገና ይመረመራል፣ ድካሙ ቀርቷል ወይ ተብሎ። ላቦራቶሪው ሥራ የሚጀምረው አንድ ሰው «ይህ እግር ልፍስፍስ ነው» ብሎ በእጁ ካረጋገጠ በኋላ ነው። በሶማሌ ክልል በ2013 እና 2014 እ.ኤ.አ. ፖሊዮ ሲገባ እንዲህ ነው የተገኘው። እናት ልጇን አዝላ መጣች፣ ባለሙያው እግሩን አንስቶ ለቀቀው።

መዶሻው ሁሉን ያውቃል እያልኩ አይደለም። ስትሮክ የመታው ሰው የደም ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ በእጅ መለየት አይቻልም። ሲቲ ስካን የግድ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ። ሐኪሞችም ይሳሳታሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 10 ሐኪሞች 10 ሰዎችን በየተራ እንዲመረምሩ አደረገ። የባቢንስኪ ምልክት ላይ ብዙም አልተስማሙም። «እግርህን መሬት ላይ ቶሎ ቶሎ መታ መታ አድርግ» ብሎ ፍጥነቱን ማየት ይበልጥ አስተማማኝ ሆኖ ተገኘ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም አደርጋለሁ። በሌላ በኩል ማሽኑም ይስታል። ድንገት የዞረበት ሰው ትንሹ አንጎሉ ላይ ስትሮክ ኖሮበት በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ኤምአርአዩ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ያ ሰው ሳይደገፍ መቀመጥ ካልቻለ ግን ንጹህ ወረቀት ይዞ ወደ ቤት መላክ የለበትም።

ታዲያ ይህ ምርመራ ለምን እየቀረ ነው? በአንድ ጠዋት ስልሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ጫማና ካልሲ እስኪወልቅ መጠበቅ ያቅተዋል። ይህን አልፈርድበትም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ስለዚህ ብዙው ታካሚ የሚታየው በጠቅላላ ሐኪም ነው። የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ነርቭን ይፈሩታል። በዓለም ዙሪያ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ለዚህ ፍርሃት ስም ሁሉ ወጥቶለታል። ታካሚውም ድርሻ አለው። ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ያምናል። ፊልም ይዞ ካልወጣ ተታለልኩ ይላል። ሐኪሙም ይህን ያውቃል፣ ወረቀት ይጽፋል። በጣም የሚያሳዝነኝ በሬ ሸጦ የሚመጣው ሰው ነው። አንድ ኤምአርአይ ብቻ ነው አቅሙ። ያቺ አንዷ ትክክለኛው ቦታ ላይ መነሳት አለባት።

ለምርመራ ስትሄዱ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና የሚጠቀለል ሱሪ ልበሱ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን መሥራት እንዳቃታችሁ በግልጽ ተናገሩ። ኤምአርአይ ሲታዘዝላችሁ ሐኪሙን በአክብሮት «ችግሩ የት ይመስልዎታል? ለምን እዚያ ቦታ ይነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመረመራችሁ ሐኪም መልስ አለው፣ ጥያቄውም አያስቀይመውም። አረጋውያን ወላጆቻችሁን ስትወስዱ ይህን ጥያቄ እናንተ ጠይቁላቸው፤ እነሱ «ዶክተሩ ያውቃል» ብለው ዝም ይላሉ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ወገን እጅና እግር በድንገት ከከዳ፣ ንግግር ከተሳሰረ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል። እግር እየደከመ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ወይም በኮርቻ የሚቀመጡበት የገላ ክፍል ከደነዘዘ እንደዚሁ። በዚያን ጊዜ ወጌሻ ጀርባ እንዳያሽ አደራ። በቲቢ የተበላ አጥንት ሲታሽ ሊናድ ይችላል። ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ድካምም አለ፣ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን ወይም ከተቅማጥ በኋላ የሚመጣ። ሪፍሌክስ በአብዛኛው ይጠፋል። አስጊው እግሩ ሳይሆን ትንፋሹ ነው። በሽተኛውን በረጅሙ አስተንፍሱትና በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አድርጉት። ጤነኛ አዋቂ ሃያን ያልፋል። ትናንት ሃያ አምስት የደረሰው ሰው ዛሬ አሥራ ሁለት ላይ ካቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጉ።